ቤቱ ድልድዩን የተሻገረ ቀን

«አንድ፣ ሁለት፣ ብድግ!»

የባሲላ ቤት ከመሬት ተነሣ። ቀርከሃው ተንቋቋ፣ የዘንባባው ክዳን ተንኮሻኮሸ፤ ከወለሉ ሥር ስንት ዓመት የተኛ አቧራ ቦነነና ሁለት ዶሮዎች እየጮሁ ወደ ሙዙ ተክል በረሩ። የመንደሩ ወንዶች ረጃጅሙን የቀርከሃ መሸከሚያ በትከሻቸው ይዘው፣ ቤቱን ከነመስኮቱ ተሸክመው ለአፍታ ባሉበት ተወዛወዙ። ከዚያ አንዱ ጊታሩን መታ፤ እግራቸውም ዜማውን ተከትሎ መራመድ ጀመረ።

ባሲላ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። በግራ ክንዷ ሩዝና ጨው የያዘውን ማሰሮ ታቅፋለች። አዲስ ቦታ ላይ ከሰው በፊት ሩዝና ጨው ካልገባ ቤቱ ሲራብ ይኖራል፤ ስለዚህ ባለቤቲቱ መቅደም አለባት። ዛሬ ግን ስለ ረሃብ አላሰበችም። አንገቷ ወደ ኋላ ዙሪ፣ ዙሪ ይላታል፤ እሷም እንዳትዞር ጥርሷን ነክሳ ትራመዳለች።

«እትዬ ባሲላ፣ እንዳታዪው፤ አደራ!» ብሏት ነበር ጠዋት፣ የመንደሩ ሹም ተኒየንቴ ሲምፕሊሲዮ። «አንቺ ያየሽውን ወታደሩም ያየዋል።»

እንዳታየው የተባለችው ታናሽ ወንድሟን ነው። ከኋለኛው መሸከሚያ ሥር፣ የሟች ባሏን የተጣጣፈ ሱሪ ለብሶ፣ የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ በባዶ እግሩ ጭቃውን እየረገጠ የሚመጣው ኢላሪዮ ፑንሳላን ነበር። የካላንታስ መንደር ይህንን ሰው የሚያውቀው በነጭ ሙሉ ልብስ ነው። ከልዑካን ጋር ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ጄኔቫ የተላከ፣ ለንግድ ውል ቶኪዮ ተቀምጦ የተመለሰ፣ በየመርከቡ ጉዞ መካከል ደግሞ ስለዚሁ መንደር መጽሐፍ የጻፈ፣ «ዶን» ተብሎ በክብር የሚጠራ ሰው ነው። ማኒላ ከቶኪዮ በመጣው ጦር እጅ ልትወድቅ ስትል በሬዲዮ ቀርቦ ወራሪውን በስሙ ጠርቶ ወቀሰው። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ አዲሶቹ ገዢዎች ሰው ላኩበት፤ ለእኛ ጻፍልን፣ መኪናህንም ቤትህንም እንመልስልሃለን አሉት። መልስ ሳይሰጥ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ መነጽርና ሪዝ ያለው ፎቶግራፉ በየማዘጋጃ ቤቱ በር ተለጥፏል። እሱ ግን ሪዙን ተላጭቶ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ክረምቱን ሙሉ በእህቱ የሩዝ ቆጥ ላይ ነበር።

አሁን ጀልባ መጥቷል ተባለ። ከባሕሩ ዳር ተደብቆ ይጠብቀዋል፤ ከነገ ንጋት በላይ ግን አይቆይም። ኢላሪዮ ከደረሰበት ወደ ውጭ ይወጣና እዚህ የሚሆነውን ለዓለም ይናገራል። ካልደረሰበት ሌላ ጀልባ የለም። ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ድልድዩ። በድልድዩ ላይ ደግሞ ወታደር አለ።

ሲምፕሊሲዮ ነበር ዘዴውን ያመጣው። የባሲላን ቤት መሠረት ወንዙ እየበላው ስለሆነ መሻገሩ አይቀርም ነበር። «እንግዲያው ዛሬ እናሻግረው» አለ። ባሲላ መጀመሪያ ወንድሟን ጣሪያው ውስጥ የሚደብቁት መስሏት ነበር።

«ጣሪያውንማ በሳንጃ ይወጉታል» አላት ሹሙ። «ቤቱን ይፈትሻሉ። ተሸካሚውን ማን ይፈትሸዋል?»

ነገሩ በቆጥ ሥር ሲወራ ልክ ይመስል ነበር። በፀሐይ ብርሃን ግን ሁሉ ነገር የሚታይ ሆነባት፤ የወንድሟ ቁርጭምጭሚት ንጣት ሳይቀር።

ከኋላዋ የጎዮ ድምፅ ተሰማ። ጎዮ የኮኮናት ዛፍ ወጪ ነው፤ አፉ ከመጥረቢያው ይልቅ የተሳለ ነው ይሉታል።

«አንተ ላዮ! ትከሻህን አታሽሽ እንጂ! ሸክሙን እኮ ለእኔ ጣልህብኝ።»

«ይቅርታ፣ ጋሼ ጎዮ» አለ ኢላሪዮ እያለከለከ።

«ሰማችሁ? ዶን ኢላሪዮ ጋሼ አሉኝ! ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ።»

ሳቁ በመሸከሚያዎቹ መካከል ሮጠ። ሲምፕሊሲዮ ዞሮ አፈጠጠ። «ዶን የሚባል ሰው እዚህ የለም! ላዮ ነው፤ አንተ ነው! አንዳችሁ እርስዎ ብትሉ ሁላችንም አለቅን።»

ጎዮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝም ማለት ግን አልቻለም። «እሺ አንተ ላዮ፤ እዚያ ጄኔቫ ምን ትሸከም ነበር?»

«ወረቀት።»

«ይከብዳል?»

«ለተሸካሚው አይከብድም። የሚከብደው ለተጻፈበት ሰው ነው።»

ጎዮ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ጊታሩ በድንገት ቆመ። መንገዱ ታጥፎ ድልድዩ ታየ። በድልድዩ አፍ ላይ ሁልጊዜ የሚቆሙት ሁለት ዘቦች ብቻ አልነበሩም። ካሚዮን ቆሟል። ከካሚዮኑ ጥላ ሥር፣ በእንጨት ሣጥን ላይ፣ ከዘንባባ ቅጠል የተጠለፈ የገበያ ዘንቢል ራሱ ላይ ደፍቶ የተቀመጠ ሰው ነበር። በዘንቢሉ ላይ ሁለት ቀዳዳ ተቀዷል።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ባሲላ ክረምቱን ሙሉ የፈራችው ወታደሩን ነበር፤ ሳንጃውን፣ ጥፊውን። ባለ ዘንቢሉን ግን ከመፍራት አልፋ «ባለ ዘንቢሉ» የሚለውን ቃል እንኳ ከአፏ አታወጣውም። ባለፈው ወር ባናባ በተባለው ጎረቤት መንደር የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሰውን አሰልፈው እንዲህ ያለውን ሰው በፊታቸው አሳለፉት። አይናገርም። ራሱን ግራና ቀኝ ከነቀነቀ ፊቱ የቆመው ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወደ ታች ከነቀነቀ ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ይወሰዳል፤ ከዚያ ምድር ቤት ደግሞ የተመለሰ የለም። ማን እንደሆነ ማንም አላወቀም። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውን በፊቱ የሚለይ፣ እንግዲህ የአገሩ ልጅ ነው።

«ተመለሱ በሏቸው» አለች ባሲላ በሹክሹክታ።

«ቤት ተሸክሞ ወዴት ይዞራል፣ እትዬ?» አለ ሲምፕሊሲዮ። ከንፈሩ ደርቋል። «በይ ሂጂ። ተራመጂ።»

ተራመደች።

ሃምሳ አለቃው አጭር፣ ንጹሕ ሰው ነበር። እጁን አነሣ፤ ከጎኑ ነጭ ጫማ ያደረገ የማኒላ አስተርጓሚ «አውርዱ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ እያቃሰተ መሬት ነካ። ወታደሮቹ ያለ ደረጃ ዘለው ገቡ። ሳንጃው በግድግዳው ሲገባ፣ በወለሉ ሲወጣ፣ ክዳኑን ሲዘነጥል ይሰማል። አንደኛው ሳንጃ ጣሪያውን ወግቶ ሲወጣ ባሲላ ዐይኗን ጨፈነች፤ መጀመሪያ እንደመሰላት ወንድሟን እዚያ ደብቀውት ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሳንጃ የት የት እንደሚገባ በገዛ ሰውነቷ ላይ ቆጠረችው።

«ባዶ ነው» ተባለ።

ሲምፕሊሲዮ ትንፋሹን ለቀቀ። ሊሄዱ ነው። የቀረው እጅ መንሳት ብቻ ነበር፤ ድልድዩን የሚሻገር ሁሉ ለዘቡ ሳያጎነብስ አያልፍም። ሰዎቹ ተሰለፉ። ባሲላ ከወንድሟ ጎን ቆመች፤ ቆማ ስታበቃ ነው የት እንደቆመች ያወቀችው። ከሸሚዙ ትከሻ ላይ፣ ጭቃ የቀቡበት ቦታ፣ ደም ወዝቶ ይታያል።

«አጎንብሱ!»

የካላንታስ ሰው ማጎንበስ የተማረው በጥፊ ነው። አንዱ አንገቱን ይደፋል፣ አንዱ የወደቀበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው መሬት ያያል፣ ጎዮማ ሆዱን እንደቆረጠው ሰው እጥፍ ይላል። የኢላሪዮ ሰውነት ግን ቶኪዮ የተማረ ሰውነት ነበር። ተረከዙ ከተረከዙ ጋር ገጠመ፣ መዳፎቹ በጭኖቹ ላይ ተዘረጉ፣ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሎ ከወገቡ ታጠፈ። የሚገባውን ያህል ቆየ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ ዐይኑን ሳያነሣ ቀና አለ።

ሃምሳ አለቃው አልፎ ሄዶ ነበር። ቆመ። ተመልሶ መጣ።

አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው «አንተን ነው፤ ድገመው» አለ።

ኢላሪዮ ስህተቱ ገብቶታል፤ ባሲላ ከጉሮሮው እንቅስቃሴ አወቀች። ደገመው። አሁን ግን ጀርባውን አጎበጠ፣ እጆቹን አንዠረገገ፣ ሊወድቅ ተንገዳገደ፤ ገበሬ ለመምሰል የፈለገ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ አበዛው። ሃምሳ አለቃው ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ከሳንጃው የባሰ ነበር።

«የት ነው የተማርከው ይልሃል።»

ኢላሪዮ አፉን ከፈተ። ይህ ሰው በስንት ቋንቋ ተከራክሯል! አሁን በገዛ ቋንቋው አንዲት ቃል ጠፋችው።

«ጌታዬ፣» አለ ጎዮ ከሰልፉ ጫፍ፣ «ከተማ ላይ ጉድጓድ ስንቆፍር ነው የተማርነው። መምህሩ ጥፊ ነበር። እኛ ደደቦች ነን፣ ቶሎ ለቀቁን፤ ይሄ ግን ጎበዝ ተማሪ ነው እየተባለ እስኪመሽ ሲጠና ይውል ነበር።»

አስተርጓሚው ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አዞረና ተረጎመው። ሃምሳ አለቃው አልሳቀም። ወደ ጎዮ ሄደና በጠበንጃው ሰደፍ አፉን አለው። ጎዮ በጉልበቱ ወደቀ፤ ደም ተፋ፤ ከዚያ ወዲያ አልቀለደም። ሃምሳ አለቃው ወደ ካሚዮኑ ዞሮ በጣቱ ጠራ።

ባለ ዘንቢሉ ተነሣ።

ከሰልፉ መጀመሪያ ጀመረ። ከሰው ፊት ይቆማል፤ ቀዳዳዎቹ ያያሉ፤ ዘንቢሉ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ያልፋል። ድምፅ የለም። የወንዙ ድምፅ ብቻ አለ፤ ከዘንቢሉ ውስጥ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ አለ። ሲምፕሊሲዮ ፊት ቆመ። አለፈ። ጎዮ ፊት ቆመ፤ ጎዮ ከመሬት ቀና ብሎ በደም አፉ አየው። አለፈ።

ባሲላ ማሰሮውን አጥብቃ ያዘች። መጸለይ ፈለገች፤ የጸሎቱ መጀመሪያ ጠፋት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው። ይህ ሰው የአገሩ ልጅ ከሆነ፣ ሪዝ ተላጨም አልተላጨም፣ የእሷን ወንድም ከእሷ ጎን ቆሞ ሲያየው አያጣውም። የሚታወቀው በእሷ ነው። ራሷ መጥታ ከጎኑ የቆመች እሷ ናት። ጥላው ጣቷ ላይ ወደቀ። ባለ ዘንቢሉ ፊቷ ቆሟል።

ከፍርሃቷ የተነሣ ይሆን፣ ከእርጅናዋ፣ እሷም ኋላ ስታስበው አላወቀችውም፤ ቀኝ እጇ በገዛ ፈቃዱ ተነሣ። መዳፉ ወደ ታች፣ ጣቶቹ ላላ ብለው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ወጣት ሁሉ ፊቷ ሲቆም እንደሚነሣው ተነሣ።

ባለ ዘንቢሉም ጎንበስ አለ።

በሁለት እጁ ጣቶቿን ያዘ፤ ጀርባቸውንም ወደ ግንባሩ ወሰደ። የዘንባባው ቅጠል እጇን ቧጨራት። ከቅጠሉ በስተጀርባ የግንባር ሙቀት ተሰማት።

በዚህ አገር ሁሉም የአዛውንት እጅ ግንባሩ ላይ ያስነካል፤ ሁሉም ግን በአንድ እጅ ነው። በሁለት እጅ የሚይዝ አንድ ልጅ ነበር። በሦስት ዓመቱ እጇ ከብዶት በሁለት እጁ አነሣው፤ ሲሳቅለት ጊዜ ልማድ ሆኖበት፣ ጎረምሳ ሆኖም እንዲያው ቀረ። ዳማሶ። በገዛ እጇ ያዋለደችው፣ በጥምቀቱ ዕለት ታቅፋ የቆመችለት የክርስትና ልጇ ዳማሶ። ከተማ ሥራ ሊፈልግ ሄዶ የቀረው፣ እናቱ ኢካንግ በየሳምንቱ ሻማ የምታበራለት ዳማሶ።

ምድር ዞረባት። እጇን ልትነጥቅ ፈለገች። የባናባ ሰዎች፣ ምድር ቤቱ፣ ይህ ግንባር!

እሱ ግን አልተነሣም። ያልተነሣበትን ምክንያት ታውቃለች። እጅ ግንባር ከነካ በኋላ አዛውንቱ ሳይመርቅ ልጅ ቀና አይልም። እየጠበቃት ነው። ዘንቢሉ ይንቀጠቀጣል። ከእሷ የባሰ የሚፈራ ሰው እዚያ ቦታ ላይ እንዳለ ያን ጊዜ ገባት።

«ምንድን ነው የሚያደርጉት ይላል» አለ አስተርጓሚው።

አስተርጓሚው የነጭ ጫማውን ጫፍ እያየ ራሱ መለሰ፤ በባዕዱ ቋንቋ አጭር ነገር ተናገረ። የአገር ሰላምታ ነው ሳይል አልቀረም። ሃምሳ አለቃው ቀረብ አለ።

ብትመርቀው የባናባ እናቶች ይታዘቧታል። ባትመርቀው... ከጎኗ የወንድሟ ትንፋሽ ይሰማታል።

«እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ልጄ» አለች።

ለወንድሟ ስትል ነው ያለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን ለወንድሟ ብቻ እንዳልነበረ ታወቃት።

ባለ ዘንቢሉ ቀና አለ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደና ኢላሪዮ ፊት ቆመ። ዳማሶ ይህንን ፊት ያውቀዋል። ዶን ኢላሪዮ ከባሕር ማዶ በተመለሰ ቁጥር ለመንደሩ ልጆች እርሳስ ያመጣ ነበር፤ ዳማሶ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚዞር ልጅ ነበር። ቀዳዳዎቹ አዩት። ረዘመ። ሃምሳ አለቃው አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። አንድ ዝንብ መጥቶ የኢላሪዮ ትከሻ ላይ፣ ደሙ ላይ አረፈ።

ዘንቢሉ ወደ ግራ ዞረ። ወደ ቀኝ ዞረ።

ሃምሳ አለቃው አንድ ነገር ጠየቀው። ዘንቢሉ እንደገና ግራና ቀኝ አለ፤ አሁን ፈጠን ብሎ። ሃምሳ አለቃው ባለ ዘንቢሉንና ኢላሪዮን እያፈራረቀ አየ፤ ከዚያ ምን እንዳሳቀው እንጃ፣ ድንገት ሳቀና ለአስተርጓሚው ነገረው።

«ይሄ ገበሬ ከሁላችሁ ይሻላል ይላል። ያስተምራችሁ። ሁላችሁም እንደ እሱ አጎንብሱ።»

እንዲህ ሆነና የካላንታስ መንደር በዚያ ጠራራ ፀሐይ ከዶን ኢላሪዮ ማጎንበስ ተማረ። ተረከዝ ገጠመ፣ መዳፍ ጭን ላይ ተዘረጋ፣ ጎዮም የደማ አፉን ይዞ እንደ ጠረጴዛ ታጠፈ። ባሲላ ስታጎነብስ ከዐይኗ ሥር ያየችው የወታደር ጫማ ሳይሆን የባለ ዘንቢሉ ሁለት ባዶ እግሮች ወደ ካሚዮኑ ሲመለሱ ነው። ከኋላቸው የሃምሳ አለቃው ጫማ ይከተላል። በባዶዎቹ እግሮች ላይ የጫማ ያህል አቧራ ነበር።

«ሂዱ!»

ቤቱ ተነሣ። ጊታር የመታ የለም። የድልድዩ እንጨት ከሥራቸው እያለቀሰ ተሻገሩ።

ከማዶ፣ ከኮኮናቱ ዛፎች ውስጥ፣ ወደ ጀልባው የሚመራው ሰው ለማዳ ጎሽ ይዞ ይጠብቅ ነበር። መሰነባበቻ ጊዜ አልነበረም። ኢላሪዮ ባርኔጣውን አውልቆ የእህቱን እጅ ግንባሩ ላይ አስነካ፤ እሷም መረቀችው፤ በዚያው እጅ።

«እትዬ፣ ያ ሰው ማን ነበር?»

«አላወቅሁትም።»

«አጎንብሶ ሲጠብቅሽ እኮ...»

«አላወቅሁትም አልኩህ።»

ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «ይህንን ቀን አንድ ቀን እጽፈዋለሁ።»

«ጻፈው። ጎዮን ጻፈው፣ ጥርሱን ሰጥቶልሃል። ዘንቢሉ ውስጥ ግን ሰው አታስገባበት።»

አልገባውም፤ ወይም ገብቶት እንዳልገባው ሆነ። መሪው ጠራው። የገለባ ባርኔጣው በዛፎቹ መካከል ሲሄድ ታየ፣ ጠፋ፣ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ባሲላ ወደ አዲሱ ቦታ ስትደርስ ሴቶቹ ቀድመው ተሻግረው ምድጃ አንድደዋል። ቤት የተሸከመ ሰው ሳይበላ አይሄድምና በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለው ጣፋጭ ሩዝ ተደርድሯል፤ የደረቀ ዓሣ ይጠበሳል። ቤቱ ተተከለ። ባሲላ የሩዙንና የጨዉን ማሰሮ ይዛ ቀድማ ገባች። ጣሪያው በሳንጃ ስለተበሳ የፀሐይ ጨረር በየቦታው ወለሉ ላይ ወድቋል። በመካከላቸው ቆማ ጆሮዋን ወደ ወንዙ አቀናች። የጥይት ድምፅ አልነበረም። ካሚዮኑ ሲነሣ ሰማች፤ ከዚያ ምንም። ምንም ማለት ግን ደህና ማለት አልነበረም፤ ያ ሃምሳ አለቃ የሳቀው በማን ላይ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ኢካንግ፣ የዳማሶ እናት፣ ሩዝ በቅጠል ይዛ በበሩ ገባች። ፊቷ በጭስ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ ባለ ዘንቢሉ መጥቶ ነበር አሉኝ።»

«መጥቶ ነበር።»

«ሰው አልወሰደም?»

«አልወሰደም።»

«ተመስገን።» ኢካንግ ሩዙን አስቀመጠችና ተማተበች። «የማን ማኅፀን ይሆን እንዲህ ያለውን ያወጣ? እናቱ ብታውቅ በቁሟ በሞተች። የእኔ ዳማሶ ቢጠፋ እንኳ፣ ቢሞት እንኳ፣ ከዚህ ይሻላል እላለሁ። እሑድ ሻማ ሳበራለት አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

ኢካንግ በዕድሜ ታንሳታለችና እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ እጇን ወሰደች። ወደ ግንባሯ ልታስነካው ስትል ቆም አለች። ከጣቶቹ በላይ ቀጫጭን ቀይ ጭረቶች ነበሩ።

«እጅሽን ምን ቧጨረው፣ እትዬ?»

ባሲላ የተቧጨረውን እጇን ራሷ ወደ እናቲቱ ግንባር አስጠግታ አስነካችው።

«ቅጠል ነው» አለች። «እግዚአብሔር ይባርክሽ።»